በጅጌ የተፈታች ጂፕ

ወንድ ልጅ አርባን ሲሻገር አንድ ነገር ይይዘዋል። አንዱን ሁለተኛ ትዳር ይይዘዋል፣ አንዱን የድንበር ክርክር፣ አንዱን ንብ ማነብ። እኔን የያዘችኝ ጂፕ ናት። ንብ ይሻለኝ ነበር፤ ንብ ነድፋም ቢሆን ማር ትሰጣለች።

ጂፗ የኔ አይደለችም፤ አስቀድሜ ልንገራችሁ። የባለቤቴ የሰዓዳ አባት፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ፣ ከከላላ ወደ አቀስታ እህልና ሰው ያመላልሱባት የነበረች የድሮ ባለሸራ ጂፕ ናት። ሽማግሌው ሲያርፉ እሷም አብራ አረፈች። የምንኖረው እሳቸው ግቢ ነው፤ ከከተማው ጫፍ፣ መንገዱ በአንድ ወገን ወርዶ በሌላው ወገን በሚወጣበት ረባዳ ላይ። ጂፗ ጓሮ ባህር ዛፍ ስር ስትቆም ዶሮዎቻችን ተረከቧት። የሹፌሩ ወንበር ላይ እንቁላል ይጣላል፣ መሪው ላይ አውራ ዶሮ ወጥቶ ይጮሃል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከክላክሷ የአውራ ዶሮው ድምፅ ይሻል ነበር።

እኔ እንግዲህ ከተማ ውስጥ አንዲት የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። መብራት ሲጠፋ ሥራ የለም፤ ሥራ ሲጠፋ ስልክ አለ። ስልኬ ላይ አንድ ፂማም ፈረንጅ አገኘሁ። ጭቃ ውስጥ የተቀበረች መኪና ጎትቶ ያወጣና በሩብ ሰዓት ውስጥ ሙሽራ አድርጎ ያሳያችኋል። መብራት በጠፋ ቁጥር እሱን ሳይ ከረምኩና አንድ ቀን ተነስቼ፣

«ሰዓዳ፣ የአባትሽን መኪና ላድሳት ነው» አልኳት።

«ማን ይፈታታል?»

«እኔ።»

«ማን ይገጥማታል?»

«አላህ ያውቃል።»

«ይኸው፣ አሁን እውነት ተናገርክ» ብላ ወደ ጓዳዋ ገባች።

ዓመት ሞላኝ። በዓመቱ ውስጥ የሠራሁት ሥራ ቢኖር ዶሮዎቹን ማባረርና የጎን መስታወቷን መወልወል ነው። መስታወቷ በጣም ከመጥራቷ የተነሳ የቀረው አካሏ ዝገት በውስጧ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ለመዝናኛ ብዬ የያዝኩት ነገር ስለሆነ የሚያስቸኩለኝም አልነበረም። ከዚያ ሰይድ ደወለ።

ሰይድ የሰዓዳ ታናሽ ወንድም ነው፤ የሚሠራው ጅዳ ነው። አባቱ ሲቀበሩ መምጣት አልቻለም ነበር።

«ላገባ ነው» አለኝ። «ልጅቷ እዚያው ከዳገቱ በላይ ካለው መንደር ናት። አባቴ ሰርጌን ሳያይ ሄደ። ቢያንስ ሙሽራዬ በሱ መኪና ትግባ። ሰዓዳ እያደስካት ነው ብላኛለች፤ ትደርሳለች?»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ያስባል። እኔ «አብሽር!» አልኩት።

ይህች ቃል በእኛ አገር ስንቱን ሰው ገደል ሰዳለች። ዝናብ ሲጠፋ አብሽር፤ ጎርፍ ሲመጣም አብሽር። ለሰሚው መድኃኒት ናት፤ ተናጋሪውን ግን ቀን ጠብቃ ትውጠዋለች። ስልኩን ስዘጋ ሰዓዳ በሩ ላይ ቆማለች።

«እያለቀሰ ነው አይደል የነገረህ?» አለችኝ። «እኔንም እንደዚያው ነው። በዚህ ነገር ቀልድ የለም። ያቺ መኪና ሙሽራዋን ይዛ ካልገባች እኔ የወንድሜን ዓይን አላይም፤ አንተም የኔን ዓይን አታይም።»

ሰዓዳ ስትቆጣ ትጮሃለች፤ እሱን ለምጄዋለሁ። ያን ቀን አልጮኸችም። 

ሼህ ይማም የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። ጂፗ ስር በጀርባዬ ተኝቼ ከአንድ ብሎን ጋር ስታገል አገኙኝ። ብሎኑ ከኔ ይበልጥ ዕድሜ አለው፤ በዕድሜው ተከብሮ ንቅንቅ አይልም።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ በምርኩዛቸው እግሬን ነካ አድርገው፣ «አገር ሞልቶ አንተ ለብቻህ ብረት ስር ትሞታለህ? ጅጌ ጥራ እንጂ!»

ጅጌ የማታውቁ ካላችሁ፣ አዝመራ ሲያይልባችሁ አገሩ ማጭዱን ይዞ መጥቶ የወር ሥራችሁን ባንድ ቀን የሚከምርላችሁ ነው። እናንተ ታበላላችሁ። ለአጨዳ ይጠራል፣ ለጎጆ ሥራም ይጠራል። ለጂፕ ተጠርቶ አያውቅም። ነገሩ ግን ልቤ ገባ። ያ ፂማም ፈረንጅ የሚለፋው ለምንድነው? ጅጌ የለውማ!

ጠራሁ። በግ ታረደ፣ ሰዓዳ እህሉን አወጣች፣ ሰፈሩ እስላም ክርስቲያን ሳይል ተነቅሎ መጣ። መፍቻ ያለው መፍቻ፣ መፍቻ የሌለው መዶሻ፣ ሁለቱም የሌለው ጉልበቱን ይዞ መጣ። ሼህ ይማም ዱዓ አደረጉ፣ አንዱ ድምፀ መልካም ዘፈኑን አወጣ። ወላሂ፣ እንደ ገብስ አጨዷት! በሩ ሲወልቅ ሆ! ራዲያተሩ ሲወጣ ሆ! ያ ከኔ ጋር ሲታገል የከረመው ብሎን ለጎረምሶቹ አንድ ስንኝ እንኳ አልቆየላቸውም። እኔ ስልኬን ከፍ አድርጌ ይዤ፣

«ቀስ! ተራ አለው! ፈረንጁ እያንዳንዱ ላይ ምልክት ያደርግበታል!» ብል ማን ሰምቶኝ። ጅጌ ላይ ባለቤቱ እንዲናገር የሚፈቀድለት «ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ» ብቻ ነው።

በመጨረሻ ሼህ ይማም እጃቸውን ዘርግተው፣ «እንግዲህ ሁሉም የደረሰውን ቤቱ ወስዶ፣ እንደ ልጁ አጥቦ ወልውሎ ይመልስ» ብለው መረቁ። ሰዉም አሜን አለና ብረት ብረቱን ተሸክሞ ወጣ።

ግቢው ጭር አለ። ጂፕ በነበረበት ቦታ አንድ ባዶ ሻንሲና ዶሮዎቹ ብቻ ቀሩ። አውራ ዶሮው ቤት እንደፈረሰበት ሰው ቆሞ አየኝ።

ጋሽ ተፈራ የመጡት ይሄኔ ነው። ጋሽ ተፈራ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ መግጠሙን በሳቸው ተማምኜ ነበር። ክርስትና ተጠርተው ስለነበር ጅጌው አመለጣቸው።

«የታለች?» አሉኝ።

«ሰፈር ውስጥ ናት።»

«ማን ቤት?»

«ሁሉም ቤት።»

አማተቡ። «ማን ምን እንደወሰደ ታውቃለህ?»

«ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ።»

«ብረቶቹንስ?»

«ከብረቶቹ ጋር ገና መተዋወቃችን ነው።»

ጋሽ ተፈራ ሻንሲው ላይ ተቀመጡና ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ያዙ። አላፊ አግዳሚው ለቅሶ ቤት መስሎት፣ «ማን ነው የሞተው?» ብሎ ገባ።

ደግነቱ ሰዉ ታማኝ ነው፤ የሰርጉ ቀን ሲቃረብ ብረቱ መመለስ ጀመረ። ክፋቱ ደግሞ ሰዉ ጨዋ ነው። በእኛ አገር የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። የመብራቷ ጎድጓዳ እንቁላል ይዞ መጣ። የአየር ማጣሪያዋ የጎመን ዘር ተቋጥሮባት መጣች። አንደኛውን በር የወሰደው ሰው ደግሞ ከቤቱ መስኮት የተረፈውን ሰማያዊ ቀለም በነፃ ቀብቶ ላከልኝ፤ ጂፗ አረንጓዴ ናት።

ነዳጅ የሚቀመጥባትን ሰልባትዮ ያመጡት ሼህ ይማም ራሳቸው ናቸው።

«አጥቤ ፀሐይ ላይ አድርቄያታለሁ» አሉኝ። «ባዶዋን እንዳትመለስ ብዬ የገብስ ቆሎ ጣል አድርጌባታለሁ።»

ስትነቀነቅ እንደ ጸናጽል ትንሿሿለች። ከጋሽ ተፈራ ጋር ይዘን ገለበጥናት፣ መታናት፣ አራገፍናት። ቆሎ ግን እንደ ሰርግ ቤት እንግዳ ነው፤ ሁሉም ሄደ ስትሉ ጥጉን ይዞ የቀረ አይጠፋም።

የእጅ ፍሬኑ ገመድ ሳይመለስ ቀረ። የወሰደው ሰውዬ ቤት ሄድኩ። አጥቦ ካደረቀው በኋላ ለጊዜው ላሙን አስሮበት ኖሯል፤ ላሚቱ ወደ ከላላ ገበያ ወርዳ ተሸጠች።

«ገመዱስ?» አልኩት።

«አውፍ በለኝ ወንድሜ» አለኝ ከልቡ አዝኖ፤ «ላም ያለ ገመዷ ልሽጥ? ነውር አይደለም?»

ጋሽ ተፈራ ይህን ሲሰሙ፣ «የእግር ፍሬኑ ካለ እንኖራለን» አሉ። የእግር ፍሬኑ ሸራዎች፣ ጎማውን ፈትገው የሚያቆሙት፣ የደረሱት እማማ ሀዋ ዘንድ ነው። እማማ ሀዋ የሰዓዳ አክስት ናቸው፤ እጃቸው የነካው ነገር ሁሉ ያምራል። ሸራዎቹን በንፁህ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጡ፤ ያብረቀርቃሉ። ጋሽ ተፈራ በዚያን ሰዓት አንገታቸውን ሞተሩ ውስጥ ቀብረው ስለነበር የገጠምኳቸው እኔ ነኝ። ልስላሴያቸውን ከንፅህና ቆጠርኩት።

ሰይድ በሰርጉ ዋዜማ ከደሴ አውቶቡስ ወርዶ መጣ። ከማንም ጋር ሰላም ሳይባባል ወደ ጓሮ ሄደ። መዳፉን የጂፗ አፍንጫ ላይ አሳርፎ ቆየ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሰዓዳ ወደኔ ዞረች። አስተያየቷ «ልጄን እንዳታሳፍርብኝ» ነው፤ «ልጄን» ያለው ወንድሟን ይሁን መኪናዋን አልለየሁም።

«ትሄዳለች?» አለኝ ሰይድ።

አስነሳኋት። አስነጠሰች፣ ሳለች፣ ጥቂት ተራምዳ ቆመች።

«ትቆማለችም» አልኩት በኩራት። ማን እንዳቆማት ግን አልመረመርኩም።

በነሰዓዳ ቤት ደንብ ሙሽራው ቤቱ ሆኖ ይጠብቃል፤ ሙሽራዋን ሌሎች ሄደው ያመጣሉ። ሙሽራዋ ከወላጆቿ ደጅ ከተነሳች በኋላ ደግሞ ባሏ ደጅ ሳትደርስ እግሯ መሬት አይነካም። ከነካ ትዳሩ አይረጋም ይላሉ ትልልቆቹ። ይህን ልብ በሉልኝ።

እኔ መሪ ላይ፣ ጋሽ ተፈራ ከጎኔ፣ እማማ ሀዋ ለሙሽራዋ አጃቢ ሆነው ከኋላ ተቀምጠን ዳገቱን ተያያዝነው። ትንሽ እንደሄድን ሞተሩ ቀጥ አለ። ጋሽ ተፈራ ወርደው የነዳጅ ቱቦውን ነቀሉና በአፋቸው ሳቡ። ምራቃቸውን እንትፍ ሲሉ መዳፋቸው ላይ አንዲት ፍሬ ቆሎ ወደቀች።

«አንዱ ተገኘ» አሉኝ።

ሁለተኛው ከመታጠፊያው ላይ ተገኘ። ሌሎቹም ተራቸውን እየጠበቁ ወጡ። ጋሽ ተፈራ ያን ቀን ከጠጡት ቤንዚን የተነሳ አጠገባቸው ክብሪት የሚጭር ሁሉ አብሯቸው ይነዳል ብዬ ፈራሁ። ፀሐይ እየዘቀዘቀች፣ ስልኬ እየጮኸ፣ ሰዓዳ «የት ደረሳችሁ?» እያለች፣ እኔም «ደርሰናል!» እያልኩ ወጣን። አንድ ነገር ግን ልብ አላልኩም፤ መንገዱን ሙሉ ፍሬን አልያዝኩም። ማቆሙን ቆሎው፣ መያዙን ማርሹ ሲሠሩልኝ ነበር።

የሙሽራዋ ሰዎች ፊታቸው ጠቁሮ ጠበቁን። የዘገየ ሙሽራ አምጪ በእኛ አገር እንደ ሌባ ነው የሚታይ። ቶሎ ቶሎ ዱዓ ተደረገ፤ ወንድሞቿ ተሸክመው አመጧትና ከእማማ ሀዋ ጎን አስቀመጧት። ፊቷ ተሸፍኗል። ትንፋሿ እንኳ አይሰማም።

ተነሳን። የዳገቱ ጫፍ ላይ ስንደርስ ከታች ረባዳው ታየኝ፤ ግቢያችን፣ ድንኳኑ፣ በሩ ላይ የተኮለኮለው ሕዝብ። ደስ አለኝ። ደስታዬ ሳያልቅ ሞተሩ ጠፋ፤ ቁልቁለቱ ተቀበለን።

«ፍሬን ያዝ» አሉ ጋሽ ተፈራ በዝግታ።

«ይዣለሁ።»

«ያዝ እንጂ!»

«በሁለት እግሬ ቆሜበታለሁ እኮ!»

እውነቴን ነው፣ ጭንቅላቴ የጣሪያውን ሸራ እስኪነካ ድረስ ፔዳሉ ላይ ቆሜያለሁ። ጂፗ አልሰማችኝም። ይልቅ ከስር አንድ ሽታ መጣ። የሚቃጠል ጎማ ቢሆን አይገርመኝም ነበር። የሸተተኝ ግን የዒድ ዋዜማ ነው፤ ቅቤ ሲነጠር።

«ምንድነው የሚሸት?» አልኩ።

«የኔ ቅቤ ነዋ!» አሉ እማማ ሀዋ ከኋላ፣ ድምፃቸው በኩራት ሞልቶ። «እነዚያ ሸራዎች ምስኪን ደርቀው ተሰነጣጥቀው አላገኘኋቸውም? የደረቀ ጠፍር ምን ይደረጋል? ለጋ ቅቤ እያጠጣሁ ፀሐይ ላይ አገላበጥኳቸው። እንዴት አማረባቸው!»

ጋሽ ተፈራ ዞረው አዩዋቸው። «እማማ፣ ፍሬን እኮ ነው!»

«ምንስ ቢሆን፤ ድርቀት ለማን ይበጃል?»

«ማርሽ ቀንስ!» ጮኹ ጋሽ ተፈራ ወደኔ። ፍሪሲዮን ረገጥኩ፣ ማርሹን አወጣሁት። መውጣቱን ወጣ። ልመልሰው ብል እንደ ወፍጮ ድንጋይ ተንቋቋ እንጂ አልገባም። ይሄኔ ጂፗ ከዓለም ሁሉ ነፃ ወጣች። ባህር ዛፉ በግራ በቀኝ ሽው ይላል። አንድ ባለ በቅሎ ከፊታችን ነበር፤ እሱ ወደ ግራ በቅሎው ወደ ቀኝ ዘለሉ፤ እስከ ዛሬ የተገናኙ አይመስለኝም።

«ሙሽራዋን አስወርዷት! ትዝለል!» አሉ ጋሽ ተፈራ።

«እግሯ መሬት አይነካም!» እማማ ሀዋ ልጅቷን ጥብቅ አድርገው አቀፏት።

«ጭንቅላቷ ከሚነካ እግሯ ይሻላል!»

«እማማ፣ ልውረድ ወይ?» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ ከሻሹ ስር።

«ዝም በይ። ሙሽራ አይናገርም።»

«ያ ረቢ!» አልኩ እኔ። «በእመብርሃን!» አሉ ጋሽ ተፈራ። በዚያች ቁልቁለት ላይ ሁለቱም ሃይማኖት የሚቻለውን አድርጓል።

ሕዝቡ ቀረበ። ክላክሷ አይሠራም። አንገቴን አውጥቼ «ዘወር በሉ! ዘወር በሉ!» ብዬ ጮህኩ። ዘፈን መስሏቸው ተቀበሉኝ! እየተቀበሉም ግራና ቀኝ ተከፈሉልን። ሰይድ ነጭ ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። እጁን አነሳ፤ እንደተነሳ ቀረ። አጠገቡ ሰዓዳ ናት። በፊቷ ሳልፍ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። የቀረው መንገድ ገደል ቢሆን ኖሮ በደስታ እገባ ነበር።

አለፍናቸው። ማዶ ያለው ዳገት ተቀበለን፣ ጂፗም እየደከመች፣ እየደከመች ሄዳ ቆመች። እማማ ሀዋ «አልሐምዱ…» አሉ። «ሊላህ»ን ሳይጨርሱ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን።

ወደ ፊት ሲሄድ ማቆም ያልቻለ ሰው ወደ ኋላ ሲሄድ መሪውን እንዴት ይችለዋል? የቻልኩትን ያዝኩ። ሙሽራዋ በባሏ ደጅ ለሁለተኛ ጊዜ፣ አሁን ጀርባዋን ሰጥታ፣ አለፈች። ያን ጊዜ ነው የሼህ ይማም ድምፅ ከሁሉም በላይ የተሰማው፦

«ማሻአላህ! ሰላምታ ነው! ደጁን እያከበረች ነው!»

ሕዝቡ ይህን ሲሰማ ጭብጨባውን አቀለጠው። እኛ በመጣንበት ዳገት በቂጣችን ወጣን፣ ቆምን፣ ተመለስን። ሦስተኛ አለፍን። ከዚያ ማዶ፣ ከዚያ ወዲህ። እያንዳንዱ ምልልስ ካለፈው እያጠረ፣ ረባዳው እንደ አንቀልባ አቅፎ ያወዛውዘን ጀመር። ጋሽ ተፈራ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከኋላ፣ ከሻሹ ስር፣ ስቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያለቀሰች መሰለኝ። ስዞር ልጅቷ አፏን በሻሿ አፍና ትስቃለች፤ ትከሻዋ እስኪነቃነቅ።

መጨረሻ ላይ ጂፗ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ አለችና ቀጥ አለች። የሙሽራዋ በር ከግቢው በር ፊት ለፊት ነበር። በገመድ ቢለኩት እንዲህ አይገጥምም። ሚዜዎቹ ዘለው መጥተው ተሸከሟት፤ እግሯ አንዲት ጠጠር ሳይነካ ገባች።

እኔ አሁንም ፔዳሉ ላይ ቆሜያለሁ። እግሬ መውረድ እምቢ አለኝ። ሰይድ ወደኔ መጣ፤ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። የሰርጉን ቀን መሳቂያ አድርጌበታለሁ፤ ቢመታኝ አልፈርድበትም።

«ሰይዶ፣ አውፍ በለኝ» አልኩት። «ፍሬኑ…»

ሳልጨርስ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ።

«አባቴ!» አለ። «አባቴ እንዲህ ነበር የሚገባው! ልጆች ሆነን በሩ ላይ ቆመን ዛሬ ስንቴ ያልፋል እያልን እንገምት ነበር። አንድ ቀን እንኳ መጀመሪያ ባለፈበት ቆሞ አያውቅም። እናቴ ወጡን የምታወጣው ሁለተኛ ሲያልፍ አይታ ነበር። ዛሬ… ዛሬ ሰርጌ ላይ መጣልኝ።»

ሰዓዳ ከኋላው ቆማ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች፤ ታለቅስ ትስቅ አይለይም። ወርጄ አጠገቧ ሄድኩ። ቅቤ ቅቤ እሸታለሁ።

«እና ፍሬን ይዟት እንደማያውቅ ይህን ሁሉ ጊዜ እያወቅሽ» አልኳት፣ «እንዴት አትነግሪኝም?»

«አድሳታለሁ አልከኝ እንጂ» አለች፣ «እንደነበረች እመልሳታለሁ መቼ አልክ?»